ያስተማሩት ሲጥል

ጥቅምት 13 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ቶኪዮ ውስጥ፣ ለዚያ ዓመት ኦሊምፒክ ተብሎ በተሠራው በኒፖን ቡዶካን አዳራሽ፣ ሁለት ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተያይዘዋል። አንደኛው አኪዮ ካሚናጋ የተባለ ጃፓናዊ ነው። ሁለተኛው ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ አንቶን ሔሲንክ የተባለ የኔዘርላንድ ሰው ነው። ግጥሚያው ከተጀመረ ዘጠኝ ደቂቃ አልፏል። ካሚናጋ ባላጋራውን ሊጥል ሲገባ ሔሲንክ ቀደመውና መሬት አውርዶ በደረቱ ተጫነው። በዚያን ጊዜ በነበረው የጁዶ ሕግ ተጋጣሚውን በጀርባው አጋድሞ ሠላሳ ሰከንድ ያቆየ አሸናፊ ይባል ነበር። ካሚናጋ ተንፈራገጠ፣ ተወራጨ፤ ግን አልተነሣም። ሠላሳው ሰከንድ አለቀ።

ከድሉ ይልቅ ሲነገር የሚኖረው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። በደስታ የሰከሩ የአገሩ ልጆች ሔሲንክን ሊያቅፉ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ እጁን ዘርግቶ አገዳቸው። ልብሱን አስተካከለ፤ ከካሚናጋ ፊት ለፊት ቆመና እንደ ሥርዓቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። አዳራሹን ከሞላው ጃፓናዊ ብዙው ያለቅስ ነበር።

ለምን አለቀሰ? ጃፓን በዚያ ሳምንት በጁዶ ሦስት ወርቅ አግኝታለች። ከአራቱ የጁዶ ውድድሮች ሦስቱን የወሰደ አገር ምን ጎደለብኝ ይላል? ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስቱ ውድድሮች በክብደት የተከፋፈሉ ነበሩ፤ አራተኛው ግን ክብደት የማይለይበት፣ ትንሹ ትልቁን ሊጥል የሚችልበት ነው። ጁዶ ስለ ራሱ ለዓለም ሲናገር የኖረውም ይህንኑ ነበር፤ ጥበብ ጉልበትን ያሸንፋል የሚለውን። በዚያ ቀን ግን ጉልበቱም ጥበቡም በባዕዱ ወገን ተገኙ።

የእኛ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በአጭሩ ይጨርሰዋል፤ "ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ" ይላል። ተረቱ እውነት አለው። ዳሩ ግን ተረት ፍርድ ሰጥቶ ያልፋል እንጂ አይመረምርም። ለመሆኑ አንድ ሕዝብ የኔ ነው የሚለውን ነገር ለሌላው ካስተማረ በኋላ ተማሪው ተነሥቶ ቢጥለው፣ ያ ሕዝብ ተዋረደ ነው የሚባለው ወይስ ተከበረ? ጥያቄው የጃፓን ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ገጽ ላይ ባልመጣ ነበር። ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ማለዳ የሚሮጠውን ሰው ያየ ሁሉ ጥያቄው የእኛም መሆኑን ያውቃል። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ከባለቤቶቹ እንነሣ።

ጁዶን የጀመሩት ጂጎሮ ካኖ የተባሉ መምህር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በተባለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጥቂት ተማሪዎች ሰብስበው ማስተማር ያዙ። ጁጁትሱ ከተባለው ከጥንቱ የተዋጊዎች ትግል ለሕይወት የሚያሰጋውን አስወጥተው፣ ሊሠለጥኑበት የሚቻለውን አስቀርተው፣ "የለስላሳነት መንገድ" የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጡት። ሁለት መመሪያዎችም አበጁለት። አንደኛው ጉልበትን ሳያባክኑ በሚገባው ቦታ ማዋል ነው። ሁለተኛው ራስንና ሌላውን አብሮ ማበልጸግ ነው። ሁለተኛውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ሰውን መጣል በሚያስተምር ጥበብ ውስጥ የሚጣለው ሰው ጠላት ሳይሆን አብሮ የሚያድግ ጓደኛ ነው ማለት ነው። ያለ እርሱ ማንም ምንም ሊማር አይችልምና።

ካኖ ይህን ትምህርት ለአገራቸው ሰው ብቻ አላስቀሩትም። ተማሪዎቻቸውን ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ላኩ፤ ራሳቸውም አገር ለአገር እየዞሩ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1909 ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1938 የሞቱትም ካይሮ ላይ ከተደረገው የኮሚቴው ስብሰባ በመርከብ ሲመለሱ ነው። እንግዲህ ሔሲንክ ሰብሮ የገባ ሌባ አልነበረም። በር ተከፍቶለት የገባ ነው። ሃኩ ሚቺጋሚ የተባሉ ጃፓናዊ መምህር አሠልጥነውታል፤ ጃፓን ድረስ ሄዶም በቴንሪ ከጃፓን ተማሪዎች ጋር ምንጣፍ ላይ ወድቆ ተነሥቷል። ካሚናጋን የጣለው ጃፓን ያስተማረችው ሰው ነው።

የራሱ የሆነ ጥበብ ያለው ሕዝብ ዓለም ሲመጣበት ምን ያደርጋል? ጃፓን በአንድ ጊዜ ሦስት ዓይነት መልስ የሰጠች አገር ናት።

የመጀመሪያው መልስ የሱሞ ነው። ሱሞ ኦሊምፒክ አልገባም፤ ትልልቆቹ ውድድሮች የሚካሄዱት በጃፓን ምድር ነው፤ ሕጉን የሚያወጣው የጃፓን ማኅበር ነው። የውጭ ሰው መግባት ይችላል፤ ነገር ግን በየማሠልጠኛ ቤቱ የሚፈቀደው የውጭ ተወላጅ አንድ ብቻ ነው። ጡረታ ወጥቶ አሠልጣኝ መሆን የሚሻም የጃፓን ዜግነት መያዝ ግድ ይለዋል። ይህ ሁሉ አጥር ምን አተረፈ? እ.ኤ.አ. በ1993 በሐዋይ የተወለደው አኬቦኖ "ዮኮዙና" የሚባለውን የመጨረሻውን ማዕረግ ያዘ፤ የውጭ ተወላጅ ሲይዘው የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ሞንጎላውያን መጡ። ከእነርሱ አንዱ ሃኩሆ አርባ አምስት ጊዜ አሸንፎ በሱሞ ታሪክ አቻ አጣ። በጃፓን የተወለደ አዲስ ዮኮዙና ለማየት አገሩ ከ1998 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. መጠበቅ ነበረበት። አጥሩ ቁጥር ቀነሰ እንጂ ሽንፈትን አላስቀረም።

ሁለተኛው መልስ የኬንዶ ነው። ኬንዶ በቀርከሃ ዱላ የሚደረግ የሰይፍ ጨዋታ ነው። የዓለም ሻምፒዮና አለው፤ ኦሊምፒክ ግን ይቅርብን ያሉ ሰዎች የሚመሩት ጨዋታ ነው። ፍርሃታቸው ሜዳሊያ ሲመጣ መንገዱ ይረሳል የሚል ነው። አንድ አስደናቂ ሕግ አላቸው። ተጫዋች ነጥብ አግኝቶ ጡጫውን ወደ ላይ ቢወረውር ወይም ቢፈነድቅ ዳኞቹ ነጥቡን ሊሰርዙበት ይችላሉ። በእነርሱ ዘንድ ድል ከተመታው ሰው ፊት የሚጨፈርበት ነገር አይደለም። ይሁንና ኬንዶም ከሽንፈት አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2006 ታይፔ ላይ የጃፓን የወንዶች ቡድን በግማሽ ፍጻሜ በአሜሪካ ተሸነፈ፤ ዋንጫውንም ኮሪያ ወሰደች።

ሦስተኛው መልስ የጁዶ ነው፤ በሩን ወለል አድርጎ መክፈት። የከፈተ ደግሞ ቤቱ እንደ ነበረ አይቆይለትም። ሔሲንክ ካሸነፈ በኋላ፣ ይህ ጨዋታ የጃፓን ብቻ አይደለም የሚለው እምነት በዓለም ተስፋፋ። በኋላም ያው ሔሲንክ ተመልካች ሁለቱን ተጋጣሚዎች እንዲለይ አንደኛው ሰማያዊ ይልበስ የሚል ሐሳብ አመጣ። ነጩ ልብስ የንጽሕና ምልክት ነው ብለው ጃፓናውያን ተሟገቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ግን ሰማያዊው ጸደቀ። ዛሬ በፈረንሳይ በፌዴሬሽን የተመዘገበው የጁዶ ሰው በጃፓን ከተመዘገበው ይበልጣል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮው ኦሊምፒክ ዘጠኝ የጁዶ ወርቅ አገኘች፤ ወንድና ሴት በአንድነት በሚጋጠሙበት የቡድን ፍጻሜ ግን፣ በዚያው በቡዶካን፣ በፈረንሳይ ተሸነፈች። በ2024 ፓሪስ ላይም ይኸው ተደገመ።

ሦስቱንም መልሶች አንድ ላይ ስናያቸው አንድ ነገር ይታያል። ዘግቶም፣ ገርበብ አድርጎም፣ ከፍቶም ከሽንፈት የዳነ የለም። ስለዚህ ጥያቄው "እንዳንሸነፍ ምን እናድርግ?" የሚል ሊሆን አይችልም። ጥያቄው ኩራታችንን ምን ላይ እናቁም የሚል ነው። ሁለት ዓይነት ኩራት አለ። አንደኛው የባለ ርስት ኩራት ነው፤ የኔ ስለ ሆነ ሌላው እንዳይነካው፣ ቢነካውም እንዳይበልጠኝ የሚል። ይህ ኩራት እንዲኖር ሌላው ሁልጊዜ መሸነፍ አለበት። ሁለተኛው የመምህር ኩራት ነው። መምህር ተማሪው ሲበልጠው ልቡ ሊቆረጥ ይችላል፤ ሰው ነውና። ግን ሥራው የተፈጸመው በዚያች ሰዓት መሆኑን ያውቃል። በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ከመምህሩ የላቀ ቅኔ የዘረፈ ተማሪ የመምህሩን ስም አያጠፋም፤ ከማን እንደ ተማረ ሲጠየቅ ያነሣዋል እንጂ።

አገራችን ጃፓንን እንደ መስተዋት ማየት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የጃፓኑ ሕገ መንግሥት ለአርአያነት ቀርቧል። በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የሚል መጽሐፍ ጻፉ። የዚያን ዘመን ምሁራን ጃፓን ራሷን ሳትለቅ እንዴት ሠለጠነች ብለው ይጠይቁ ነበር። እኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ልንጨምር እንችላለን፤ ጃፓን ኩራቷን በሰው ትከሻ ላይ ስትጭን ምን ሆነ?

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ያለው በዚያው ሳምንት፣ በዚያችው ከተማ፣ እኛ በምናውቀው ታሪክ ውስጥ ነው። ካሚናጋ ከመሸነፉ ከሁለት ቀን በፊት፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና አምስት ሳምንት ገደማው ነበር። ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ጉድ አለ። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ከአበበ በኋላ የመጣውን ሰው ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ከአበበ ቀጥሎ ስታዲየም የገባው ኮኪቺ ጹቡራያ የተባለ ጃፓናዊ ወታደር ነው። አገሩ በሙሉ ቆሞ ያጨበጭባል። ከኋላው የእንግሊዙ ባዝል ሂትሊ መጣና በመጨረሻው ዙር፣ በሕዝቡ ዓይን ፊት፣ አልፎት ሄደ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አራት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ጹቡራያ ነሐስ አገኘ። በዚያ ኦሊምፒክ ጃፓን በሩጫና በዝላይ፣ በውርወራም ጭምር፣ ያገኘችው ሜዳሊያ ይህ ብቻ ነበር። በሌላ አገር ቢሆን ጀግና ነው። እርሱ ግን በሕዝቡ ፊት ይቅር የማይባል ጥፋት እንዳጠፋ፣ ዕዳውንም በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሮጦ መክፈል እንዳለበት ለጓደኛው ነገረው። ሊያገባ ያሰበውንም ጋብቻ አለቆቹ ከሜክሲኮ በኋላ ይሁን አሉት። ወገቡ ታመመ፣ እግሩ ታመመ። ታኅሣሥ 30 ቀን 1960 ዓ.ም. በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ዕድሜው 27 ነበር። በተወው ደብዳቤ ወላጆቹን፣ ወንድሞቹንና ምራቶቹን ስላበሉት ምግብ በየስማቸው አመሰገነ፤ ከእንግዲህ መሮጥ እንደማይችልም ነገራቸው።

ይህን ታሪክ ማንሣቴ ለማሳዘን አይደለም። "አገርን ማስጠራት" የምንለው ነገር ሌላ ፊት እንዳለው ለማሳየት ነው። አገር የምትኮራው በጋራ ነው፤ የምታፍረው ግን በአንድ ሰው ላይ ነው። ሲሳካ "አሸነፍን" እንላለን፤ ሳይሳካ "ተሸነፈ" እንላለን። ድሉ የብዙ ቁጥር፣ ሽንፈቱ የነጠላ ነው። በሰዋስው ውስጥ የተደበቀች ትንሽ ክህደት ናት። ዘመኑም አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ ኡታ አቤ የተባለችው የጃፓን የጁዶ ሻምፒዮና በሁለተኛው ግጥሚያዋ በኡዝቤኪስታኗ ዲዮራ ኬልዲዮሮቫ ተሸንፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች። አዳራሹ ስሟን እየጠራ ሲያጽናናት ከአገሯ ሰዎች አንዳንዶቹ እንዲህ ማልቀስ የጁዶን ሥርዓት መጣስ ነው ብለው ነቀፏት። ኋላ ይቅርታ ጠየቀች። ያሸነፈቻት ልጅ በዚያው ቀን ወርቁን ወሰደች።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ በሩጫ ባለቤቶች ነን እንላለን። ለመሆኑ ማራቶን የማን ነው? ታሪኩ የግሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1896 አቴና ላይ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈውም ስፒሪዶን ሉዊስ የተባለ ግሪካዊ ነው። ከእርሱ ወዲህ ያን ድል የደገመ ግሪካዊ የለም። ስልሳ አራት ዓመት ቆይቶ ሮም ላይ በባዶ እግሩ መጥቶ የወሰደው የእኛ ሰው ነው። አበበን ያሠለጠኑትም ኦኒ ኒስካነን የተባሉ ስዊድናዊ ናቸው። እንግዲህ ለግሪኮች ሔሲንክ እኛ ነበርን። አውሮፓ ያስተማረን ነን፤ አውሮፓንም በደጇ ጥለናታል። ግሪኮች በአበበ አጨበጨቡ እንጂ ርስታችን ተነጠቀ ብለው ሲያለቅሱ አልተሰማም።

አሁን ደግሞ ተራው ዞሯል። ሱሉልታ ዛሬ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከገላን ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላለች። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ ቀዝቃዛ፣ ሜዳዋ ሰፊ ናት። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ የሠራው እዚያ ነው። የውጭ አገር ሯጮችም አየሯን ፈልገው ይመጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ፣ በ2016 ሪዮ ላይ በአምስት ሺህና በአሥር ሺህ ሜትር ልጆቻችንን ቀድሞ የገባው እንግሊዛዊው ሞ ፋራህም እዚያ ልምምድ ካደረጉት አንዱ ነው። ካኖ በቶኪዮ የከፈቱት በር በሱሉልታ ሣር ላይም ተከፍቷል ማለት ነው። አየር አይቆለፍም።

ከዚህም የጠለቀ አለ። ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ እንደገና በቶኪዮ፣ የሴቶች አሥር ሺህ ሜትር ፍጻሜ ተሮጠ። አንደኛ ሲፋን ሐሰን፣ ሁለተኛ ቃልኪዳን ገዛኸኝ፣ ሦስተኛ ለተሰንበት ግደይ። ሦስቱም ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለዱ ናቸው። ከፍ ያሉት ሰንደቅ ዓላማዎች ግን የኔዘርላንድ፣ የባሕሬንና የኢትዮጵያ ነበሩ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ፣ ያችው ሲፋን በማራቶኑ የመጨረሻ ሜትሮች ከትዕግሥት አሰፋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍታ በሦስት ሰከንድ ቀደመቻት። ኢትዮጵያ ተቃውሞ አቀረበች፤ ተቀባይነት አላገኘም።

በዚያ ሰሞን በየቡና ቤቱ የተባለውን ሁላችንም ሰምተናል። "ያው የኛው ናት፤ ደሙ የት ይሄዳል" ያለ ነበረ። "ለባዕድ ሮጣ አገሯን ያስለቀሰች" ያለም ነበረ። የሚገርመው አንዳንዴ ሁለቱንም የሚለው አንድ ሰው መሆኑ ነው። ኬንያዊት ስትቀድም የኛ ናት፤ ትዕግሥትን ስትቀድም ከሃዲ ናት። ይህ የባለ ርስት ኩራት ነው። ሰውየዋን አያያትም። አዳማ ተወልዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሥራ አምስት ዓመቷ ስደተኛ ሆና ኔዘርላንድ የገባች ልጅ መሆኗን፣ የተቀበላት አገር ልብስ ለብሳ መሮጧ ብድር መመለስ ሊሆን እንደሚችል አያስብም። ሊጠየቅ የሚገባውን ከባድ ጥያቄም ያስረሳል፤ ልጆቻችን ለምን ይሄዳሉ? በተፎካካሪ ላይ የምናፈሰው ቁጣ ወደ ራሳችን ልናዞረው ከሚገባን ጥያቄ መሸሸጊያ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ አንባቢ እንዳለ ይሰማኛል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። "ይህ የጠገበ ሰው ፍልስፍና ነው። ጃፓን በጁዶ ብትሸነፍ መኪና አላት፣ ፋብሪካ አላት። እኛ ከሩጫ በቀር ዓለም ስማችንን በበጎ የሚያነሣበት ስንት ነገር አለን? ለሱሉልታዋ ልጅ ድል ማለት ለእናቷ ቤት፣ ለወንድሟ ትምህርት ነው። የመምህር ኩራት እራት አይሆንም" ይለኛል። እውነት ነው። ድሉ አይናቅም። ላለመሸነፍ አጥብቆ የማይታገልም ተጋጣሚውን ይሰድባል እንጂ አያከብርም፤ ሔሲንክ እኮ እጅ የነሣው ካሚናጋን ካቀለለው በኋላ ሳይሆን ባለ በሌለ ኃይሉ ከጣለው በኋላ ነው። ነገር ግን ይኸው ተቃውሞ ወደ እኔ ወገን የሚያደላ ይመስለኛል። ድል ለልጅቷ እንጀራ ከሆነ፣ በእንጀራዋ ላይ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ ክብር ተጨምሮ እንዴት ትሸከመዋለች? ስማችን የሚነሣበት ነገር ጥቂት መሆኑ የእርሷ ጥፋት አይደለም። ያን የሚያበዛው ሌላው ሰው በየሥራው ነው እንጂ እርሷ በሁለት እግሯ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው፣ ማንም አገር ሊነጥቀን የማይችለው ነገር፣ የምንጋጠምበት ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ያሱሂሮ ያማሺታ የተባለው የጃፓን ጁዶ ሰው አንድ እግሩ ተጎድቶ እያነከሰ ለፍጻሜ ቀረበ። የገጠመው ግብፃዊው መሐመድ ራሽዋን ነበር። ራሽዋን የተጎዳውን እግር አጥቅቶ ማሸነፍ እንዳልፈለገ ተናገረ፤ ተሸነፈም። ሜዳሊያ ሲሰጥ ያማሺታን ደግፎ ወደ መድረኩ ያወጣው እርሱ ነው። የዓለም አቀፉ የመልካም ጨዋነት ኮሚቴ ሸለመው። ጃፓን በዚያ ቀን ወርቅ አገኘች፤ ጁዶ የሚባለውን ነገር ግን አንድ የአሌክሳንድሪያ ልጅ ለጃፓኖች መልሶ አስተማራቸው ብል አላጋነንኩም። ጥበቡ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ እዚህ ላይ ትርጉም ያጣል። የሠራው ሁሉ ባለቤቱ ነው።

ከቃሊቲ አልፎ በደብረ ዘይት መንገድ ገላን ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የኪራይ አዳራሽ፣ ልጆች ነጭ ልብስ ለብሰው ካራቴ ሲማሩ አይቻለሁ። "ኢች፣ ኒ፣ ሳን" እያሉ በጃፓንኛ ይቆጥራሉ፤ ጃፓን የት እንዳለች ካርታ ላይ ማሳየት የማይችሉም ይኖራሉ። አንዱ ልጅ ጓደኛውን በጥሩ ምት አግኝቶ መጨፈር ጀመረ። አሠልጣኙ አልጮኸበትም። "ና፣ መጀመሪያ ወንድምህን እጅ ንሣ፤ ያስተማረህ እሱ ነው" አለው። ልጁ ግራ ተጋብቶ ጎንበስ አለ። በሩ ላይ ቆመው የነበሩት እናቶች ሣቁ።

ያ ልጅ አንድ ቀን ጃፓናዊ ይጥል ይሆናል። ኩራቱ የእኛ ይሆናል፤ መብታችን ነው፣ እንጨፍራለን። ካራቴ ያወጣች አገር ግን በዚያ ቀን ብታለቅስ ምን እንላት ነበር? "ምን አስለቀሰሽ፤ ያንቺ ነገር እኮ ነው ገላን ድረስ የደረሰው" እንላታለን። ለሌላው እንዲህ የቀለለልን ምክር ለራሳችን ሲሆን ለምን እንደሚከብደን ማሰብ ይገባል። ኢትዮጵያዊ ሯጭ በኔዘርላንድ ልብስ፣ እንግሊዛዊ በሱሉልታ ሳንባ ሲቀድመን የእኛ ነገር እዚያ ድረስ መድረሱ ነው። ቆሽታችን ቢያርር አያስነውርም። ከዚያ በኋላ እጅ መንሣት ካቃተን ግን ሩጫውን እንጂ ሥርዓቱን አላስተማርንም ማለት ነው።

የሚቀጥለው ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ወርቅ ይዞ ለሚመለሰው ልጅ አበባና መኪና እንደሚዘጋጅለት አልጠራጠርም። እኔ የማየው ሌላውን ነው። በሦስት ሰከንድ ተቀድማ፣ ወይም አቋርጣ፣ ወይም ስምንተኛ ወጥታ በሌሊት አውሮፕላን ቦሌ የምትወርደዋን ልጅ የሚቀበላት ሰው ይኖር እንደሆነ።